የጨረታ ኮምፒውተሮቼ መብራት ሲመጣ አይነሱም፤ ለቦይንክ ይሆናሉ ወይ?

ኮፒ ቤት (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ሦስት አሮጌ ዴስክቶፕ በርካሽ ወሰድኩ። ሁለቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ናቸው፣ አይ5-3470 ፕሮሰሰር ያላቸው። ሦስተኛው ኦፕቲፕሌክስ 760 ነው፣ ኮር 2 ዱዎ። ራማቸው 2 ጊጋ 2 ጊጋ ነው። ዴቢያን ሊኑክስ ጫንኩባቸው፣ ያለ ዴስክቶፕ። ስክሪንም ኪቦርድም የላቸውም፤ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል ሌላ ማሽን ውስጥ መግቢያ) ነው የምገባው።

ሐሳቤ ቦይንክ ማሠራት ነው። ለማያውቀው፣ ቦይንክ ቤት ያለ ኮምፒውተርን ለሳይንስ ስሌት የማዋሻ ፕሮግራም ነው። ትልቁን ስሌት ቆራርሰው ለየሰዉ ያድሉታል፣ ማሽኑ ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል። የኮምፒውተር ደቦ በሉት።

ችግሬን ልንገራችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኖቹ አይነሱም። አንዱ 7010 ጭራሽ ዝም ይላል። የሌላው ፋን ይዞራል፣ ግን ኔትወርክ ላይ አይታይም። ስክሪን ስሰካለት ኤፍ1 ተጫን እያለ ቆሟል፤ ቀኑንም 2012 ይላል። (በኛ አቆጣጠር እንዳይመስላችሁ፣ በፈረንጅ ነው።) ሌላው ደግሞ፣ ሮዜታ የሚባለውን ፕሮጀክት ብጨምርም ሥራ አይሰጠኝም። ሎጉ ላይ ራም አይበቃም ይላል።

ሁለት ማሽን ልጨምር አስቤ ነበር፤ እናቴ ግን የቆጣሪውን ነገር ማንሳት ጀምራለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደሴ ጥገና፦
እህቴ፣ ኤፍ1 የሚልሽ ባትሪው ሞቶ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ ሲአር2032 ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስትሞት ማሽኑ ቀኑን ይረሳና ሰው መጥቶ ኤፍ1 እስኪጫን ይቆማል። አንቺ ደግሞ ኪቦርዱን ነቅለሻል። እስከ ነገም ይጠብቅሻል።

ሦስቱንም ቀይሪ። ሰዓት ጠጋኝ ጋ አታጫትም። ከዚያ ሲነሳ ኤፍ2 ተጭነሽ ባዮስ (የማሽኑ የራሱ መነሻ ሴቲንግ) ግቢ። ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ኤሲ ሪከቨሪ የሚል አለ፣ ፓወር ኦን አድርጊው። ያ ዝም የሚለው ማሽን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከፋብሪካ ሲመጣ መብራት ሲመለስ ጠፍቶ እንዲቆይ ነው የተደረገው። ፖስት ቢሄቪየር ውስጥ ደግሞ ኪቦርድ ኤረር የሚለውን አጥፊው። መጀመሪያ ግን ባትሪው፤ ሳትቀይሪ ባዮስ ብትነካኪ ልፋት ብቻ ነው።

ክፍት እያለ አቧራውን ንፊው። የፕሮሰሰሩንም ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርገሽ አዲስ ቀቢ። የጨረታ ማሽን ከፍቼ ፔስቱን እንደ ኖራ ደርቆ ያላገኘሁበት ቀን ትንሽ ነው።

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)፦
ይሄ ቢትኮይን ነው አይደል? በቀን ስንት ይገኝበታል?

ኮፒ ቤት፦
አይደለም ወንድሜ፣ ምንም አይከፈልበትም። ክሬዲት የሚባል ነጥብ ይሰጡሃል። ነጥቡ ሽንኩርት አይገዛም።

የማታ ተማሪ፦
ስለ ራሙ። ሮዜታ የፕሮቲን ቅርጽ የሚያሰላ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዴቪድ ቤከር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ነው። ሥራው ግን ራም ይወዳል፤ አንዱ ሥራ ብቻ 2 ጊጋ አካባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ቦይንክ ደግሞ ካልነገርሽው ያለውን ራም በሙሉ አይወስድም፤ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እስከ 90 በመቶ፣ ሰው ሲጠቀምበት እስከ ግማሽ ነው። ስለዚህ በ2 ጊጋ ሮዜታን እርሺው።

የ760ውን ራም ነቅለሽ 7010ሩ ላይ ብትጨምሪስ? እስከዚያ አይንስታይን አት ሆምን ሞክሪ። ከ2005 ጀምሮ ያለ ፕሮጀክት ነው፣ ፐልሳር የሚባሉ ኮከቦችን ይፈልጋል። በ2010 በፈቃደኞች ኮምፒውተር አዲስ ፐልሳር አግኝተዋል። ሥራውን ለመመለስም ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ይሰጣሉ፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሎቹ ግን ከበድ ይላሉ። በሞባይል ዳታ ከሆነ ቦይንክ ላይ የዳታ ገደብ አስቀምጪ።

የደሴ ጥገና፦
ቆይ ቆይ። የ760ው ራም ዲዲአር2 ነው፣ የ7010ሩ ዲዲአር3። ቁርጡ ያለበት ቦታ ይለያያል፣ አይገባም። በጉልበት እንዳታስገቢው፣ ሶኬቱን ትሰብሪያለሽ። ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ፈልጊ።

ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን፦
ልጄ፣ እኔ ይሄን ቦይንክ አላውቀውም። ዋት ግን አውቃለሁ። አንዱ ማሽንሽ ሥራ ላይ ሲሆን 80 ዋት ይበላል እንበል። ሦስቱ 240 ዋት። በ24 ሰዓት 5.76 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ወደ 173። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ስለዚህ በየቀኑ፣ እሑድም ጾምም ሳትዪ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያለፈ ምጣድ ጣድሽ ማለት ነው። እናትሽ እውነት አላቸው። የመብራት ታሪፉም በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

አንድ ነገር ደግሞ አልወደድኩም። መብራት እንደመጣ ወዲያው ይነሣ ማለታችሁን። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፓወር ሰፕላይ የሚያቃጥለውም ያ ነው። ለፍሪጅ የሚደረገውን መከላከያ ግዢ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ኃይሉ ሲረጋጋ ነው የሚለቀው። ማሽኑ ያኔ በራሱ ቢነሣ ችግር የለውም። ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር እንዳትሰኪ፣ አደራ።

የደሴ ጥገና፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። የፍሪጁ አልመጣልኝም ነበር።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦
ማሽን ከመጨመርሽ በፊት ያለሽን ቀንሺ። የ760ው ኮር 2 ዱዎ እንደ 7010ሩ መብራት ይበላል፣ የሚሠራው ግን ግማሹን አይሞላም። አጥፊው።

ከፈለግሽ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ፈልጊ። እኔ ሁለት አለኝ፣ ስክሪናቸውን ጭራሽ ነቅየዋለሁ። ፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ዩ የሚል ፊደል ካለው ብዙ ጊዜ 15 ዋት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ባትሪው ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ አይጠፋም። ቦይንክ በባትሪ ላይ እንዳይሠራ ካደረግሽው ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል፣ መብራት ሲመጣ ይቀጥላል። ስክሪኑን ካልነቀልሽው ሎጊንድ የሚባለው ፋይል ላይ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ንገሪው፣ አለዚያ ይተኛብሻል። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን ወላሂ በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

ዴስክቶፑ ድንገት ሲጠፋም ሁሉም አይጠፋብሽም። ሥራው በየጊዜው የደረሰበትን ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሲነሣ ከዚያ ይቀጥላል። የሚባክነው የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት።

እኔ በሴቲ ነበር የጀመርኩት፣ የሰማይ ሬዲዮ ድምፅ ውስጥ ሌላ ፍጡር ፍለጋ። ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በመጋቢት 2020 መጨረሻ ሥራ ማደል አቆመ። ማንንም አላገኘንም። ቢሆንም አልተቆጨሁም።

ኮፒ ቤት፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ባትሪዎቹን ቀየርኩ፣ ኤፍ1 ቀረ። ዝም የሚለውም ኤሲ ሪከቨሪ ሲስተካከል ይነሣ ጀመር። የፍሪጁ መከላከያም ይሠራል፤ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ራሙን ለማግኘት የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ አሁን 7010ሮቹ 6 ጊጋ 6 ጊጋ ናቸው። አንዱ አይንስታይን፣ አንዱ ሮዜታ ይሠራሉ። 760ው የወረቀት ካርቶን መደገፊያ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ሙቀቱ። ቀን ላይ ኮምቦልቻ ሲሞቅ ሰንሰርስ የሚባለው የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም 88 ዲግሪ አሳየኝ። ፔስት ቀብቻለሁ። ቦይንክ ላይ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ጊዜ የሚለውን 60 በመቶ አደረግኩት፣ ፋኑ ግን አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል።

የማታ ተማሪ፦
የሲፒዩ ጊዜ የሚለው ሥራውን እያቆመ እያስነሣ ነው የሚቀንሰው፣ ለዚያ ነው ፋኑ የሚዋዥቀው። እሱን 100 መልሺው። ከበላዩ የሲፒዩ ብዛት የሚለውን 75 አድርጊ። አራት ኮር ስላለው ሦስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ያርፋል።

የደሴ ጥገና፦
ሥራውንም ከማታ 2 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ብቻ አድርጊው፣ ቦይንክ የሰዓት ገደብ አለው። ግን 20 እና 7 ብለሽ ነው የምታስገቢው፣ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ያንን ረስቼ ሳምንት ሙሉ ቀንም ጭምር አሠርቼዋለሁ።