ሻጋታ በየክረምቱ የሚመለስበት የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን የብሎኬት ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ከጎረቤት ግንብ ጋር የተጠጋጋ ስለሆነ ፀሐይ አያገኘውም። ከሐምሌ ጀምሮ ከሴራሚኩ በላይ ባለው ልስንና በኮርኒሱ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ በበረኪና ስጠርገው ይጠፋና ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ቀለም ቀቢው የዘይት ቀለም እንድደርብበት መክሮኛል። ትንሿ ልጄ ሳል ስለሚበዛባት አሳስቦኛልና ብታማክሩኝ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት፤ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም አብጦ መላጡ አይቀርም። አስቀድሞ መለየት ያለበት ውሃው ከውጭ ሰርጎ የሚገባ ወይም ከሻወሩ እንፋሎት የሚመጣ መሆኑ ነው። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቀው፣ አንድ ቁራጭ ንጹሕ ፌስታል በአራቱም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርገው በፕላስተር ይለጥፉና 2 ቀን ያቆዩት። ጠብታው ከፌስታሉ ጀርባ፣ ግድግዳውን በሚነካው በኩል ከተገኘ አሸንዳውንና የቧንቧውን መስመር ያስፈትሹ፤ በፊት ለፊቱ ከሆነ ግን ጉዳዩ የእንፋሎት ነው።

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
እኔ እንፋሎት ነው ባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ በክረምት ሙቀት አይይዝም፤ የሞቀው እንፋሎት ሲነካው እዚያው ውሃ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ብርዱን ፈርቶ፣ «ውጭውም ዝናብ ነው» እያለ መስኮቱን ይዘጋል። የውጭው አየር እርጥብ ቢመስልም ቀዝቃዛ በመሆኑ የሚይዘው እንፋሎት ሻወር ከተወሰደበት ክፍል አየር በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን በር ዘግተው መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ይክፈቱ፣ ግድግዳውን ይወልውሉ፣ እርጥብ ፎጣም እዚያ አይስቀሉ።

መልስ፣ የጤና ባለሙያ፦
በረኪና ለሴራሚክ ጥሩ ነው፤ ልስን ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ላዩን ከማንጣት አያልፍም፤ ሥሩ ውስጥ ይቀራል። ሲጠቀሙበት 1 ኩባያውን በ16 ኩባያ ውሃ በጥብጠው፣ ጓንትና ማስክ አድርገው፣ መስኮት ከፍተው ይሁን። ከአቼቶም ሆነ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ደረቅ ሻጋታ በመጥረጊያ ከተጠረገ ብናኙ በቤቱ ሁሉ ይበተናልና አስቀድመው ያርጥቡት። ኮርኒሱ ችፑድ ከሆነና ውሃ ጠጥቶ ከላላ መለወጥ እንጂ ማጽዳት አይበጀውም። ሻጋታ አስም ስለሚያባብስ ልጅዎን ሐኪም ይያት፤ በሚያጸዱበት ጊዜም ከአካባቢው ትራቅ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፌስታሉን ዛሬውኑ እለጥፋለሁ። ይሁንና መስኮቱ ከኮርኒሱ ሥር ያለች እጅግ ጠባብ ናት፤ አየር መሳቢያ ቬንትሌተር ባስገጥም ያዋጣል?

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
ያዋጣል፤ ሠራተኛው ግን ቱቦውን በቀጥታ ወደ ውጭ ማውጣቱን ቆመው ይዩ። ከኮርኒሱ በላይ ከተወው እንፋሎቱ ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ እንጨቱን ያበሰብሳል። ከበሩ ሥርም የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ አየር የሚገባበት ከሌለ መሳቢያው የሚስበው አያገኝም።