አቡ ዳቢ ሲወርልድ ልጆቼንና እናቴን ይዤ ልገባ ነው፣ ምን ምኑን እንይ?

የኮቺዋ (ጅማ)

ሰላም የጅማ ልጆች የት የት ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ታናሽ እህቴ አቡ ዳቢ ነው ያለችው አግብታ እዛው ተደላድላለች አልሃምዱሊላህ፣ እና ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ እናቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ልጠይቃት ነው፣ ቪዛውን እሷ እየጨረሰችልን ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ያን የባህር እንስሳት ፓርክ አይተው ከዛን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም፣ ትንሹማ ፔንጉዊን ፔንጉዊን እያለ ሊያሳብደኝ ነው። እስከዛሬ ያዩት ትልቁ የውሃ እንስሳ የቦዬ ጉማሬ ነው እሱንም ጀርባውንና ጆሮውን ብቻ ሃሃ። እህቴ ደግሞ እዛው እየኖረች አልገባችበትም፣ ውድ ነው ምን ያደርግልሻል ትለኛለች። የገባችሁ ካላችሁ በአላህ ንገሩኝ፣ የግድ መታየት ያለበት ምኑ ነው፣ ምኑስ ቢዘለል አይቆጭም? እናቴ ጉልበቷን ያማታል ብዙ መሄድ አትችልም፣ ትልቁ ልጄ ሮለርኮስተር ካልወጣሁ ብሎ ምሏል።

አጂፕ ያደገ (አቡ ዳቢ)

እህቴ እኔ የምሰራው ፓርኩ ያለበት ያስ አይላንድ አጠገብ ነው፣ ልጆቼን ይዤ ደጋግሜ ገብቼበታለሁ ስለዚህ ይረዝማል ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ትምህርት ሲዘጋ ማለትሽ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ እዚህ እሳት ነው፣ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ እንደ ጅማ ክረምት ጃንጥላ ይዘሽ የምትወጪበት አይደለም። ደግነቱ ፓርኩ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነው፣ አምስት ፎቅ ያለው ግዙፍ ህንጻ በይው፣ ለዛም ነው በበጋ ሌላ ቦታ ከመውሰድ እዚህ ውሰጃቸው የምልሽ። የተከፈተው በፈረንጆቹ ግንቦት 2023 ነው፣ አዲስ ነው ንጹህ ነው። ውስጡ ግን ኤሲው አይጣል ነው፣ ለእማማ ጋቢዋን አስይዢያት አልቀለድኩም።

ስትገቢ ዋን ኦሽን የሚሉት ትልቅ ክብ አዳራሽ አለ፣ ዙሪያው ስክሪን ነው፣ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች የሚያስገቡት በሮች ሁሉ ከዛ ነው የሚነሱት። ልጆቹ ከጠፉ መገናኛችን እዚህ ነው ብለሽ ገና ስትገቡ አሳያቸው፣ ዊልቸርም ለእማማ እዛው መግቢያው ላይ ጠይቂ፣ እሷ አሞኛል ደከመኝ አትልም የኛ እናቶች እንደሆኑ ታውቂያለሽ፣ ማታ ቤት ገብታ ነው ጉልበቷን የምታሽው።

አሁን ወደ ዋናው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ሳትቸኩሉ ቁጭ በሉ፣ ሌላው እንደ ጊዜያችሁ ነው። አንደኛው ፖላር ኦሽን ነው። ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንዱ የሰሜኑ አርክቲክ ሌላው የደቡቡ አንታርክቲካ። የትንሹ ልጅሽ ፔንጉዊን ደቡቡ ጋ ነው ያለው፣ መሬት ላይ ሲንገዳገድ ያሳዝንሻል ከዛ ውሃ ውስጥ ሲወረወር ሌላ ፍጥረት ይሆንብሻል፣ ልጄ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ በስንት ልመና ነው ያላቀቅኩት። ሰሜኑ ጋ ዋልረስ የሚሉት ግዙፍ የባህር እንስሳ አለ፣ እሱን ነው እኔ የምወደው። ጥርሱ ክንድ ያክላል፣ አንዴ መስታወቱ ድረስ መጥቶ በዛ ወፍራም ጢሙ መስታወቱን ሲዳስስ ዝም ብለን ስናየው ቆየን። ጢሙ ለጌጥ አይደለም፣ ከባህር ስር ጨለማ ውስጥ ዛጎል ያላቸውን ምግቦቹን የሚፈልገው በሱ ዳሰሳ ነው። ለልጆቹ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው፣ ዋልረስ ሰሜን ጫፍ ነው የሚኖረው፣ ፔንጉዊን ደግሞ ከደቡቡ ነው፣ ሁለቱ በተፈጥሮ ተገናኝተው አያውቁም፣ እዚህ ግን በአንድ ጣራ ስር ጎረቤት ሆነዋል።

ሁለተኛው ኤንድለስ ኦሽን ነው። ሻርኩ፣ ሬይ የሚሉት ጠፍጣፋው ዓሣ፣ የባህር ኤሊው፣ መአት ዓሣ አብሮ የሚኖርበት አንድ ገንዳ ነው፣ 25 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል ከ68 ሺህ በላይ እንስሳ አለበት። 25 ሚሊዮን ሊትር ስል ቁጥር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ሰፈራችን ውሃ ሲጠፋ የሚመጣውን ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ አስቢው፣ 2,500 ቦቴ ነው! ትልቁ መስታወት ፊት ሰው ዝም ብሎ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ እናንተም ተቀመጡ፣ እማማም ትረፍ። ሰው ፎቶ አንስቶ በአምስት ደቂቃ ይወጣል ሞኝነት ነው፣ ቁጭ ካልሽ ነው ሬዩ ከላይሽ ሲያልፍ ሆዱን የምታዪው፣ ሻርኩ ሲመጣ ትንንሾቹ ዓሦች አንድ ላይ ሲገላበጡ የምታዪው።

ለትልቁ ልጅሽ ማንታ የምትባል ሮለርኮስተር አለች፣ ቀስ ብላ ዳገት የምትወጣ አይነት አይደለችም ከቆመችበት አስወንጭፋ ነው የምትነሳው። ግን ቁመት ይለካሉ፣ እዛ ደርሶ አልደረስክም ሲባል ለቅሶ ነው፣ ስለዚህ ድረገጻቸው ላይ የያንዳንዱ ተጽፏል ጅማ እያላችሁ ግድግዳ ላይ አቁመሽ ለኪው። ከደረሰ ጠዋት በር ሲከፈት መጀመሪያ እሷ ጋ ሩጡ፣ አለበለዚያ ሰልፉ ቀናችሁን ይበላዋል። ማንታዋ ያለችበት ትሮፒካል ኦሽን ጋ ዶልፊንም ፍላሚንጎም አለ፣ ፍላሚንጎውን ግን እኛም አብያታና ሻላ ስላለን ብዙ አትገረሙ።

ዋጋ፣ ሲከፈት የአንድ ቀን መግቢያው 375 ድርሃም ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አፑ ላይ እዪ ምክንያቱም ቅናሽ ሲኖር ከበር ላይ ይልቅ እዛ ነው የሚመጣው። ፌራሪ ወርልድና ዋርነር ብሮስም እዛው አካባቢ ናቸው፣ ሁለት ፓርክ በአንድ ቀን የሚል ትኬት ሲያሳዩሽ ርካሽ ይመስላል፣ ከእማማና ከትንሽ ልጅ ጋር ግን እንዳትሞክሪው።

ሳንዲያጎ ነኝ (ካሊፎርኒያ)

እኔ ደግሞ ከዋናው ሲወርልድ ከተማ ነው የምጽፈው፣ የመጀመሪያው እዚህ በ1964 ነው የተከፈተው ሚሽን ቤይ ላይ። ወንድሜ አጂፕ ያደገው ጥሩ ብለሃል ግን ስለ እንስሳቱ ዝም አልክ። እኔ ልጆቼን በፊት በፊት እወስድ ነበር አሁን ቀዝቅዞብኛል። እዚህ ኦርካ አለ፣ ያ ጥቁርና ነጩ ትልቁ የባህር እንስሳ፣ በ2010 ኦርላንዶ ባለው ሲወርልድ ውስጥ አንዱ ኦርካ አሰልጣኝ ገደለ፣ ከዛ በኋላ ክርክሩ እየበዛ መጥቶ በ2016 ኩባንያው ራሱ ከእንግዲህ ኦርካ አናራባም አለ። አቡ ዳቢውን ያለ ኦርካ የከፈቱት እሱን አይተው ነው ብዬ አስባለሁ። ዶልፊን ግን አሁንም አለ፣ በቀን ስንት ኪሎሜትር የሚዋኝን እንስሳ ገንዳ ውስጥ ማስጨፈር ለኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። እህቴ ሂጂ አትሂጂ አልልሽም፣ ፔንጉዊኑንና ዓሣውን አሳያቸው ሾው ላይ ግን ሰዓታችሁን ባታባክኑ ደስ ይለኛል።

ይልቅ አሜሪካ ላላችሁ፣ እዚህ ሳንዲያጎ ኢምፐረር ፔንጉዊን አለ፣ ትልቁ ዘር እሱ ነው፣ ከአንታርክቲካ ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ ነው በ1980 የተፈለፈለው፣ በ2023ም አንድ ጫጩት ተፈልፍሏል። ትኬት ደግሞ የአንድ ቀን ከመግዛት ፈን ካርድ የሚሉትን ጠይቁ፣ በአንድ ቀን ዋጋ ዓመቱን የምትመላለሱበት ነው፣ የማይሰራባቸው ቀናት አሉ እነሱን ቀድማችሁ እዩ። የኦርካው ሾው ላይ ከፊት ረድፍ አትቀመጡ፣ የጨው ውሃ ነው የሚደፉባችሁ ቀዝቃዛ፣ ልጆች ይወዱታል እናንተ ግን እስከ ማታ ትበሰብሳላችሁ።

አጂፕ ያደገ (አቡ ዳቢ)

ሳንዲያጎ እውነትህን ነው አልከራከርህም። የዶልፊኑን እኔም ልጆቼ ሲጠይቁኝ መልስ ያጣሁበት ነው። እዚህ ግን አጠገቡ የታመሙና የተጎዱ የባህር እንስሳትን የሚያክም የምርምርና የነፍስ አድን ማዕከል አብረው ከፍተዋል፣ እሱን ሚዛን ላይ አድርገው።

ሂርማታ ተመላሽ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አቡ ዳቢ ሰው ቤት ስሰራ ነው የገባሁት። የአሰሪዎቼን ልጆች አጅቤ፣ ጋሪ እየገፋሁ ቦርሳ ተሸክሜ፣ እነሱ ሲጫወቱ እኔ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ ሮለርኮስተር የሚባለውን ከታች ሆኜ ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማሁት። ግን አንድ ቦታ ልጆቹ እንቅልፍ ወሰዳቸውና እፎይ ብዬ አየሁ፣ አቡ ዳቢ ኦሽን የሚሉት ክፍል፣ እናንተ አንዳችሁም አላነሳችሁትም። የድሮ ጀልባቸውና የድሮ ኑሯቸው ነው የሚታይበት። ነዳጅ ሳይገኝ በፊት እነዚህ ሰዎች ሉል ፈላጊ ነበሩ፣ አፍንጫቸውን ቆንጥጠው እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው ባህር ስር ይወርዱ ነበር፣ አብዛኛው ጠላቂ ደግሞ ባለዕዳ ነበር፣ በየዓመቱ ዕዳውን ለመክፈል ነው ተመልሶ የሚጠልቀው። ከዛ ጃፓኖች ሉል በሰው እጅ ማርባት ሲጀምሩ በ1930ዎቹ ገበያው ወደቀባቸውና ተራቡ፣ ነዳጁ የተገኘው በ1958 ነው። እኔ ይሄንን ሳውቅ ስለነሱ የነበረኝ ነገር ትንሽ ተለወጠ፣ አያቱ ባለዕዳ የነበረ ሰው ነው የኔን ፓስፖርት የቆለፈው ብዬ ተናደድኩም ሳቅኩም።

ዱጎንግ የሚሉትም እንስሳ የዛው ባህር ነው፣ ሳር የሚግጥ የባህር ስር ከብት ነው በቃ፣ አቡ ዳቢ ባህር ውስጥ ወደ 3 ሺህ ገደማ አለ ይባላል፣ ከአውስትራሊያ ቀጥሎ ብዙ ያለው እዛ ነው። እናትሽ ከሻርኩ ይልቅ የሱ ታሪክ ነው የሚገባት።

እና እህትሽን አደራ፣ ውድ ነው ብላ ራሷን በር ላይ እንዳታስቀር፣ ትግባ። ሰው ቤት እየሰራችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁም በሳምንት አንድ ቀን ረፍት ህጉ ላይ አለ፣ የ2022ቱ የቤት ሰራተኞች ህግ ነው፣ ፓስፖርትም በእጃችሁ መሆን አለበት ይላል። ህጉና ቤቱ ለየቅል ቢሆኑም እወቁት።

የኮቺዋ (ጅማ)

ማሻአላህ ስንቱን ጻፋችሁልኝ። ሂርማታ የኔ እናት አንጀቴን በላሽው፣ ጅማ ካለሽ ቡና እናፍላና በደንብ አጫውቺኝ። አጂፕም እግዜር ይስጥህ፣ ትልቁን ግድግዳ ላይ አቁሜ ለካሁት ማንታውን ይደርሳል፣ ከዛ ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን በሙሉ አውርቷል። ለእናቴ ደግሞ ዋጋውን ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ፣ ዓሣ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ብር፣ ቦዬ ሄደን ጉማሬውን በነጻ እንየው የለ! የዱጎንጉን ስነግራት ግን ትንሽ ለዘብ አለች፣ ሳር ነው የሚበላው ምን ይጎዳል አለችኝ። አሁን የቀረኝ የቱ ቀን እንደሚሻልና ከእህቴ ቤት በምን እንደምንሄድ ነው፣ መኪና የላቸውም።

አጂፕ ያደገ (አቡ ዳቢ)

ማክሰኞ ወይ ረቡዕ አድርጉት። እዚህ ከ2022 ጀምሮ ዊክኤንዱ ቅዳሜና እሁድ ሆኗል አርብም ግማሽ ቀን ነው፣ የቀድሞውን ይዘሽ እሁድ ባዶ ነው ብለሽ እንዳትሄጂ። ለከተማው አውቶቡስ ሀፊላት የሚባል ካርድ ታወጡና ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ፣ ያስ አይላንድ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ፓርኮቹን የሚያገናኝ ያስ ኤክስፕረስ የሚሉት ነጻ አውቶቡስ አለ። ከእማማ ጋር ግን ሲመለስ ታክሲ ያዙ፣ ልጆቹም ስለሚተኙባችሁ። ምግቡ ውስጥ ያስወጣል፣ ጠዋት ቤት ጠግባችሁ ግቡ፣ ስትወጡ ያስ ሞል ፉድ ኮርት አለላችሁ።

የኮቺዋ (ጅማ)

ጨረስክልኝ። ከጅማ ምን ላምጣልህ?

አጂፕ ያደገ (አቡ ዳቢ)

ኧረ ምንም። ቡና ብቻ፣ ጥሬውን፣ ቆልተሽ እንዳታመጪ፣ እዚህ ቤት ቡና የምትቆላው ሚስቴ ናት።

ሳንዲያጎ ነኝ (ካሊፎርኒያ)

ማር የሚልክስ የለም?