ሕፃናት ላሉበት ባለ አንድ መኝታ ቤት፦ ልዋጭ፣ ቆራሌው፣ መርካቶ ወይስ አናጺ?

የልጆች ልብስና መጫወቻ ቤቱን ሞላው፣ ቁም ሳጥን ላሠራ ወይስ ዝግጁውን ልግዛ ብለው ለጠየቁኝ እህቴ፣ እኔም ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የአንድ ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ ስለማሳድግ የሞከርኩትን እነግርዎታለሁ።

ከመግዛትም ከማሠራትም በፊት የሚወጣው ዕቃ ይውጣ። በእኔ ቤት ለአራስ ጥየቃ የመጣው ብርድ ልብስ ብቻ የቁም ሳጥኑን ግማሽ ይዞ ነበር። በየሰፈሩ የሚዞሩት ልዋጮች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ፣ ጆግ ወይም ባልዲ ስለሚሰጡ፣ ቤት ለማቅለል የጠራቸው ሰው ሌላ ፕላስቲክ ተቀብሎ ይገባል። ቆራሌው ግን ባዶ ሃይላንድ፣ ጠርሙስና የተሰበረ ብረት ወስዶ የሚሰጠው ትንሽም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ እርሱን እመርጣለሁ። ያልነተበ የሕፃን ልብስ ለሁለቱም ባይሰጥ ደስ ይለኛል፤ ታጥቦና ተጣጥፎ በቅርብ ለምትወልድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢደርስ ይሻላል። የተረፈውን ብርድ ልብስ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ወስደን ሰጥተናል።

ለመጫወቻ ከመርካቶ ክዳን ያላቸው ሦስት ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዝቼ ነበር። ልጄ አንዲት ትንሽ መኪና ስትፈልግ ሳጥኑን ገልብጣ ያለውን ሁሉ ወለሉ ላይ ታፈሳለች፤ መልሳ ልትከድነው ስትሞክር ክዳኑ በአንዱ ጥግ ሲገባ በሌላው ይነሣባታል፤ በመጨረሻም ተበሳጭታ ትተወዋለች። በምትኩ ሾላ ገበያ ያገኘኋቸው ዝቅ ያሉና አፋቸው የሰፋ ሁለት ቅርጫቶች ነገሩን ቀየሩት፤ ክዳን ስለሌላቸው ታናሹ እንኳ ኩቡን እየወረወረ ይመልሳል። ሲገዙ የተቆረጠው የቀርከሃ ጫፍ ወደ ውስጥ ሾሎ እንዳልቀረ በእጅዎ እየዳበሱ ይመርምሩ። ሳጥኖቹንም አልጣልኳቸውም፤ የመጫወቻውን አብዛኛውን ክፍል ይዘው ከቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ከቅርጫቶቹ ጋር እያቀያየርኩ አወርዳለሁ፤ ልጆቹም እንደ አዲስ ዕቃ ይቀበሉታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ያሠሩ እላለሁ፤ የሚያሠሩት ግን ቁም ሳጥን ሳይሆን ከሥሩ መሳቢያ ያለው አልጋ ይሁን። ዝግጁ የቺፕውድ ባለ መሳቢያ ገዝቼ፣ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ግርጌው ውኃ እየጠጣ በጥቂት ወራት ውስጥ አብጦብኛል። ከዚያ የከፋው ልጄ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ አውጥቶ ሲወጣባቸው ዕቃው በሙሉ ወደ ፊት ማዘንበሉ ነው፤ አጠገቡ ባልኖር ኖሮ ይወድቅበት ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ካለዎት ዛሬውኑ ከግድግዳ ጋር ያሳስሩት። የክፍል መለያው ግድግዳ ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ፊሸሩ (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ባዶው ቦታ ላይ ሲውል አይጨብጥም፤ ስለዚህ ሠራተኛው የብሎኬቱን ጠጣር ክፍል ወይም የኮንክሪት ምሰሶውን ፈልጎ እንዲበሳ ይንገሩት።

አልጋው ዝቅተኛ ስለሆነ አይገለበጥም፤ መሳቢያው የሚገባበት የአልጋው ሥርም ለሌላ ነገር የማይውል ስለነበረ ክፍሉ አይጠብብም። አናጺው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የበሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ስፋት ቤትዎ መጥቶ ይለካ፤ ክፍል በክፍል ሠርቶ እዚያው እንዲገጥመውም ይስማሙ፤ የእኛ ሙሉውን ተሠርቶ መጥቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስላልዞረ እንደገና ተፈቷል። መሳቢያው ሲሳብ ተነቅሎ ልጅ እግር ላይ እንዳይወድቅ መያዣ እንዲደረግለት ይጠይቁ።

በእነዚህ ዝቅተኛ መሳቢያዎች ውስጥ ልብስና አንሶላ ብቻ ይግባ። በረኪና በሃይላንድ ተቀድቶ ቤት ውስጥ ካለ ልጅ ውኃ ነው ብሎ ሊጠጣው ስለሚችል፣ በራሱ ዕቃ ብቻ ሆኖ ከልጆቹ እጅ በራቀና በተቆለፈ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።