«የሚተረበው የሚወደደው ብቻ ነው» ላሉን ወንድም፦ እስቲ የ1922ቱን ገጽ ይግለጡልን

ታዛቢ፦
ትናንት ማታ «የማታ ተማሪ» የተባሉት ወንድማችን የአሜሪካ የጦር ትምህርት ቤቶች ከመቶ ዓመት በፊት ያሳተሟቸውን የተመራቂዎች መጻሕፍት ገጾች አጋርተውን፣ «የዘንድሮው ባች መጽሔትም እንዲህ ይዘጋጅ፤ ሁሉም ከሁሉም የሚገለብጠው ላስት ወርድ ይቅርና እያንዳንዱን ተመራቂ የዶርም ጓደኛው እየተረበ ይጻፍለት» ብለዋል። ይህን ብቻ ቢሉ ኖሮ አንብቤ ባለፍሁ ነበር። ያናደደኝ የጽሑፋቸው ማሰሪያ ነው፤ «በእነዚያ ገጾች ላይ የሚተረበው የሚወደደው ብቻ ነው» ይላል። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች እየቆጠርሁ ልናገር፤ በ1922 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ሁለተኛ ሆኖ የተመረቀው ሊዮናርድ ካፕላን የተባለ አይሁዳዊ ነበር። መጽሐፉ ሲታተም የካፕላን ገጽ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ስሙም ከማውጫው ተዘለለ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ የመጽሐፉ ባለቤት የፈለገ እንደሆነ ያለ መቀስ ገንጥሎ እንዲጥለው የገጹ ጠርዝ እንደ ደረሰኝ ጥራዝ በተርታ ተበሳስቶ ነበር። ዋና አዘጋጁ በዚያው ዓመት አንደኛ የወጣው ተመራቂ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ፍቅር በየትኛው ሚዛን መዘኑት?

የማታ ተማሪ፦
ታዛቢ፣ አንድ የተበላሸ ገጽ ይዘው ዘመኑን በሙሉ ባይኮንኑት መልካም ነበር። እኔ ያጋራሁት የአሜሪካ ምድር ጦር አካዳሚ የሆነውን የዌስት ፖይንትን የ1915 መጽሐፍ ነው፤ ስሙን ከመድፍ የወሰደውን «ሃዊትዘር»ን። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አይዘንሃወር በ1912 የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ብዙ የተጠበቀበት ተጫዋችነት በዚያው ቀረ። ጓደኞቹ በዚህ ቁስል ምን አደረጉ? አላለቀሱለትም፤ ከእንግዲህ የተረፈው ሻይ መጠጣት፣ የሕፃናት ጨዋታና ወሬ እንደሆነ፣ በሦስቱም ግን ተወዳዳሪ እንደሌለው ጻፉለት። ከተማሪው ሁሉ መልከ መልካሙ እኔ ነኝ ማለቱንም ሳይጠቅሱ አላለፉትም። ይኸው የተተረበ ሰው በተራው ስለ ኦማር ብራድሌይ ጻፈ፤ ይህ ልጅ በጀመረው አካሄድ ከቀጠለ አንዳንዶቻችን «ጄኔራል ብራድሌይ እኮ የክፍል ጓደኛዬ ነበር» እያልን ለልጅ ልጆቻችን እንጎርራለን አለ። ትንቢቱም ሠመረ፤ በ1944 ኖርማንዲ ላይ አንዱ ጠቅላይ አዛዥ፣ አንዱ የአሜሪካ ምድር ጦር አዛዥ ሆነው ተገናኙ። ፍቅር ካልሆነ ይህ ምንድን ነው?

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ከዚያው ከ1915ቱ ክፍል ጄኔራል ቫን ፍሊትም እንዳሉበት ይመዝገብልኝ። አያቴ በ1951 ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ሲገቡ የስምንተኛው ጦር አዛዥ እርሳቸው ነበሩ። ከ164 ተመራቂዎች 59ኙ ጄኔራል የሆኑበትን ክፍል እዚህ ተቀምጦ በአንድ ካፕላን ማጣጣል አይገባም።

ታዛቢ፦
አያትዎን እናከብራለን፤ ነገር ግን ክፍሉን ማን አጣጣለ? የጄኔራል ብዛት የቀልድ ጥራት ማስረጃ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ግን ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም «ተረብ» የሚለውን ቃል ያለ ቦታው አውላችሁታል። እኛ ባደግንበት ሰፈር ተረብ ፊት ለፊት ነው፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ዙሪያውን የቆመው በሳቁ ይፈርዳል፣ መልስ ያጣውም ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት አዲስ ይዞ ይመጣል። በፎቶግራፌ ሥር ለታተመብኝ ነገር መልሱን የት ልጻፈው? በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ? የእኔን ቅጂ ባርመው የሌላውን አምስት መቶ ቅጂ ማን ያርምልኛል? ስለዚህ ይህ ተረብ ሳይሆን ለከፋ ነው፤ ሲከፋም ሽሙጥ ነው።

አልስማማም፦
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ጻፊውም ተጻፊውም አንድ ክፍል ነው። አይዘንሃወር ተተርቦ ስለ ብራድሌይ እንደጻፈ አሁን ተነግሮናል፤ መልሱ እንግዲህ ሌላ ገጽ ላይ አለ ማለት ነው። አራት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ ሰዎች በአንድ ጥራዝ ሲተራረቡ፣ ያ ከሰፈሩ ክብ በምን ይለያል?

ጡረተኛው መምህር፦
ካፕላንም መልሱን ሌላ ገጽ ላይ ጽፎ ነበር? ከጻፈ ያሳዩኝና ዝም እላለሁ።

የማታ ተማሪ፦
ካፕላን፣ ካፕላን፣ ካፕላን። የእርሱ ገጽ እኮ ተረብ አይደለም፤ ግልጽ ክፋት ነው። እኔ ስለ ተረብ ተናገርሁ፣ እናንተ ስለ ክፋት ትመልሱልኛላችሁ።

ታዛቢ፦
በጣም ይመቻል እንዲህ ከሆነማ! ጥሩ ሲሆን ተረብ፣ መጥፎ ሲሆን «ተረብ አይደለም»። በዚህ ዓይነት አነጋገር «የሚተረበው የሚወደደው ብቻ ነው» የሚለው ቃልዎ እስከ ምጽአት አይሸነፍም። የአናፖሊስን መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ጥራዝ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ የጨዋታ ቃና ነው የሚያገኘው። መጽሐፉስ ስሙ ማን ነው? «ላኪ ባግ»፤ በመርከብ ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ የወደቀ ዕቃ የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። የሌላው ሁሉ ዕቃ ሲጠራቀም የአንዱ ብቻ እንዲጣል ተመቻችቶ ታተመ።

የሰፈር ልጅ፦
ከጄኔራሎቹ ወረድ ብዬ የራሴን ልናገር። የት እንደተመረቅሁ ይቅር፤ የእኛ ባች መጽሔት የማታ ተማሪ በሚሉት መንገድ ነበር የተሠራው። ስለ እኔ የዶርሜ ልጅ «ሁለተኛ ዙር ሳትሰለፍ ከካፌ የማትወጣ» ብላ ጻፈች፤ ባቹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እውነትም ነበርና። እማዬ መጽሔቱን ከቲቪው ሥር ካለው ብፌ ላይ፣ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ገጹን ገልጣ አስቀመጠችው። ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት ልጅ አነበበላት። ማታ ስንተኛ «ልጄ፣ እዚያ ትራቢ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ያቺ አንድ መስመር በነጭ የቁስል ፕላስተር ተሸፍና አገኘኋት፤ ፎቶዬን እንዳይነካ ጠርዙ በጥንቃቄ ተቆርጧል። እስከ ዛሬ አልተላጠም።

የማታ ተማሪ፦
እህቴ፣ ከልቤ አዘንሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ፤ የጻፈችው ጓደኛሽ ትወድሽ ነበር ወይስ አትወድሽም?

የሰፈር ልጅ፦
ትወደኛለች እንጂ፤ ሚዜዬ ነበረች። ታዲያ መወደዴን እማዬ ከየት ታንብበው? የተጻፈው ሰልፉ ብቻ ነው።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የተነሣንበት ሐሳብ ግን የታሪክ ነው።

የሰፈር ልጅ፦
የእርስዎ አያት ሲጠቀሱ ታሪክ፣ የእኔ እናት ስትጠቀስ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ታዛቢ፦
አንድ ገጽ ደግሞ እኔ ልጨምር፤ ከዌስት ፖይንት ነው፣ ዓመቱ 1936፣ ፋሺስት አዲስ አበባ የገባበት። ቤንጃሚን ዴቪስ፣ ከአባቱ ጋር ስም የሚጋራው ልጅየው፣ ጥቁር በመሆኑ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በቀር ያነጋገረው ተማሪ አልነበረም፤ ብቻውን በላ፣ ክፍል የተጋራው ሰው ሳይኖር ብቻውን አደረ። ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆኖ ወጣ። የተመራቂዎቹ መጽሐፍ ታዲያ ምን አለለት? ከማንም ይልቅ የከበደውን ችግር ያሸነፈበት ድፍረት፣ ጽናትና ብልህነት የክፍል ጓደኞቹን ልባዊ አድናቆት እንዳተረፈለት አተተ። ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀልድ የለችበትም። ሰላምታ የነፈጉት ሰዎች አድናቆት አልነፈጉትም፤ ያውም ልባዊውን! ሻይ መውደዱን ወይም ጠዋት መነሣት አለመውደዱን መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ማን አይቶት?

የማታ ተማሪ፦
ይኸውላችሁ! ታዛቢ ራሳቸው አረጋገጡልኝ። ያልተወደደው አልተተረበም፤ ስለዚህ የሚተረበው የሚወደደው ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልገኛል?

አልስማማም፦
በዚህስ እኔም ከታዛቢ ጎን ነኝ። ዴቪስ ሳይወደድ አለመተረቡ የተተረበ ሁሉ ተወዷል አያሰኝም። ዝናብ የሌለበት አገር ጭቃ የለውም፤ ጭቃ ባየሁበት ሁሉ ግን ዘንቧል ብል የቧንቧ ፍንዳታውን የት አደርሰዋለሁ?

የማታ ተማሪ፦
አሁን ደግሞ ወደ ቧንቧ ገባን።

ጡረተኛው መምህር፦
የዴቪስ ገጽ ለእኔ ከካፕላን ገጽ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሌሊቱን ሳስበው ልጆች ሆነን መልስ የጠፋብን ዓይነት ሆነብኝ። የጻፈው ሰው ምናልባት በእውነት አድንቆት ይሆናል፤ ምናልባትም በዚያ ገጽ ላይ የተፈቀደለት ይቅርታ ያ ብቻ ነበር። ቢተርበውስ ኖሮ? አራት ዓመት ያላናገሩትን ሰው በመጨረሻው ቀን እንደ ቤተኛ መተረብ ስድብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ባለመተረቡ የማታ ተማሪ እንዳሉት አለመወደዱን ብቻ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ድንበሩን ማወቁንም አነብበታለሁ። በዚህ እድሜዬ አቋሜን አሻሻልሁ ብላችሁ ግን እንዳታወሩብኝ፤ ለከፋ ነው ያልሁት አሁንም ለከፋ ነው።

ታዛቢ፦
መምህር፣ «ይቅርታ» የሚለውን ግን ከየት አመጡት? በገጹ ላይ የተጻፈው «አድናቆት» ነው። የአድናቆት ጌጥ ደርድሮ አራቱን ዓመት ሳይጠቅስ ማለፍ ይቅርታ ከተባለ፣ እኛም አገር በየስብሰባው ይቅርታ ስንጠየቅ ኖረናል ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
«ምናልባት» ብያለሁ። ሁለት ጊዜ ብያለሁ። ማንበብ ደግ ነው።

አልስማማም፦
ሁላችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ከ1915ቱ 164 ገጾች መካከል እዚህ የተጠቀሱት የሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1954 ጃንሆይን በዋይት ሀውስ የተቀበለው፣ አንዱ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል። ሰው ትልቅ ከሆነ በኋላ የልጅነት ቀልዱ ሁሉ ይጣፍጣል። ጄኔራል ሳይሆን የቀረው፣ ያቺ የገጹ ቀልድ ብቻ የተረፈችው ሰው ገጹን በስልሳ ዓመቱ ሲገልጥ ምን እንደሚሰማው የጠየቀ አለ? የማታ ተማሪ፣ 164ቱንም አንብበዋል?

የማታ ተማሪ፦
ሁሉንም አላነበብሁም። ለክርክር ያህል ካልሆነ በቀር እርስዎም እንዳላነበቡ እገምታለሁ። ለማንኛውም የመጽሔቱ ኮሚቴ ዓርብ ይወስናል፤ እኔም ድምፄን ለጓደኛ ጽሑፍ እሰጣለሁ። «ላቤ ፍሬ አፈራ፤ እናቴ ሆይ አመሰግናለሁ» የሚል ላስት ወርድ በአንድ መጽሔት ላይ አርባ ጊዜ ከማንበብ፣ አንድ የተበላሸ ቀልድ ማንበብ እመርጣለሁ።

የሰፈር ልጅ፦
አርባው እናቶች ግን እያንዳንዳቸው የሚያነብቡት አንዱን ብቻ ነው። ይልቅስ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ከእናንተ ባች ውስጥ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዶርም ሳትይዝ በየቀኑ ከቤቷ የምትመላለስ ልጅ አለች አይደል? የዶርም ጓደኛ የላትም። ስለ እርሷ ማን ይጽፋል?

የማታ ተማሪ፦
እኔ እጽፍላታለሁ።

የሰፈር ልጅ፦
ስሟ ማን ነው?

የማታ ተማሪ፦
ከሬጅስትራር ዝርዝር አገኘዋለሁ።

ታዛቢ፦
መምህር፣ አድናቆት ተዘጋጅቷል፤ ያውም ልባዊው።