ሚዛኑ ባዶውን 400 ግራም ያሳያል፤ እናትየዋ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው

የ3ኛ ዓመት ነርስ ተማሪ (6:15)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የተግባር ልምምድ ላይ ነኝ፤ ከ5 ዓመት በታች የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ተንጠልጣዩ ሚዛን ምንም ሳይሰቀልበት 400 ግራም ላይ ቆሟል። ይህን ሳላስተውል አንዲት የ18 ወር ልጅ መዝኜ 8.3 ኪሎ ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ። 400 ሲቀነስ 7.9 ይሆናል። በሴቶች ልጆች የዕድገት ሰንጠረዥ የ18 ወር የ-2 መስመር፣ ማለትም ከእሱ በታች ክብደቷ ለዕድሜዋ ዝቅተኛ የሚባልበት፣ 8.1 ነው። በአንዱ ንባብ ከመስመሩ በላይ፣ በሌላው ከመስመሩ በታች ናት! እናትየዋ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይጠብቃታል፤ አሁን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ይህን ሚዛን እንዴት ላስተካክለው?

ጤና ኬላ (6:19)
እህቴ፣ አትደንግጪ። ሳልተር የሚባለው ተንጠልጣይ ሚዛን ከሆነ የዜሮ ማስተካከያ ብሎን አለው፤ ቀስ ብለሽ ስታዞሪው ጠቋሚው ይመለሳል። በፊት ግን ልጆቹ የሚሰቀሉበትን ቁምጣ አንጠልጥዪበት፤ ዜሮ የሚደረገው ከነቁምጣው ነው። 400 ያልሽው ከቁምጣው ጋር ነው ወይስ ያለ ቁምጣው?

ደጀን (6:21)
ብሎኑን አዙሪ፣ ዜሮ ላይ ይመጣል። እኛ ዘንድ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የ3ኛ ዓመት ነርስ ተማሪ (6:24)
ያለ ቁምጣው ነው። ብሎኑ ዝጓል፣ አልዞር አለ።

አንጋፋዋ ሲስተር (6:28)
ልጄ፣ ሚዛኑ ይቆይና መጀመሪያ የምትመዝኛትን ልጅ እወቂያት። በሁለተኛው ዓመት ላይ ያለ ልጅ እንደ ጨቅላ አያድግም። በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደረሰ ልጅ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፤ እናቶች «አልበላ አለኝ» እያሉ የሚመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሆዱ ወጣ ይላል፣ እግሩን ከፍቶ ይረግጣል፣ ለሁሉም ነገር መልሱ «እምቢ» ነው። በ18 ወር ብቻውን መራመድ፣ ጥቂት ቃላት ማለት፣ በማንኪያ ለመብላት መታገል ይጠበቃል። የፊተኛው እርግብግቢትም አብዛኛውን ጊዜ እስከዚህ ዕድሜ ይዘጋል።
በዚህ ዕድሜ እንግዳ ይፈራል። አንቺ በነጭ ጋውን መጥተሽ ከእናቱ እቅፍ ብትነጥቂው ይወራጫል፤ ጠቋሚው እስክስታ ሲወርድ ምን ታነቢያለሽ? ስለዚህ ቁምጣውን ልጅቷ በእጇ ትያዘው፣ ትጎትተው፣ ከዚያ እናቷ ታልብሳት። አንድ እጅሽ ሳይነካት ከአጠገቧ አይራቅ፤ የተንጠለጠለን ልጅ ትቶ እስክሪብቶ ለመፈለግ ዞር ማለት የለም። ጠቋሚው ሲረጋ ከዓይንሽ ትክክል ሆነሽ አንብቢ። ቁመቷንስ አስተኝተሽ ነው የለካሻት? ከ2 ዓመት በታች ተኝቶ ነው የሚለካው፤ አቁመሻት ከሆነ 0.7 ሴንቲሜትር ጨምሪ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (6:33)
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የተነሣንበት ጥያቄ ራሱ ልክ አይመስለኝም። ሁላችንም ስለ ብሎን እናወራለን፤ ልጅቷ አግዳሚው ላይ ናት። ክንዷን ለክተሻል? የሙዋክ ሪባን፣ ማለትም የክንድ ዙሪያ መለኪያው፣ የሚዝግ ነገር የለውም። ግራ ክንዷን ያዢ፤ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ክርኗ ጫፍ ያለውን ርቀት እኩሌታውን ምልክት አድርጊ፤ ክንዱ ዘና ብሎ ወደ ታች ይውረድ፤ ሪባኑ ቆዳዋን አይጭመቅ፣ አይላላም። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.4 መካከለኛ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮቿን በአውራ ጣቶችሽ ለ3 ሰከንድ ተጫኚ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ ሚዛኑ ምንም ቢል ከባድ ነው፤ በሰውነቷ የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ክብደት አለውና።

የ3ኛ ዓመት ነርስ ተማሪ (6:41)
ሁለት ጊዜ ለካኋት፣ 12.1 ነው። እግሯ አላበጠም። ካርዷ ላይ በ15 ወሯ 8.2 ተብሎ ተጽፏል።

ደጀን (6:43)
ታዲያ 100 ግራም ጨምራለች፤ ደህና ናት።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (6:46)
አይደለችም ወንድሜ። የዛሬው 8.3 ትክክል ቢሆን እንኳ በሦስት ወር 100 ግራም ማለት ካርዷ ላይ ያለው የዕድገት መስመሯ ጋደም ብሏል ማለት ነው። 7.9 ከሆነ ደግሞ ቀንሳለች። የዚያን ጊዜውም በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች ማመን አይቻልም። ክንዷ ግን 12.1 ብሏል፤ መካከለኛ ነው። ተማሪዋ፣ ተቅማጥ፣ ሳል፣ ትኩሳት ነበራት ወይ? አሁንም ትጠባለች? ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላች? አንድ በአንድ ጠይቂያት። ተጨማሪ አልሚ ምግብ የምትሰጡ ከሆነ መዝግቢያት። ካርዱ ላይ የጻፍሽውን አትፋቂ፤ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ ፈርሚበት።

የጥገና ክፍል (6:52)
ብሎኑን በጉልበት አታዙሪ፣ ይሰበራል። ሦስት ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ አስመጪ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ ላስቲኩ የሚጨምረው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሦስቱንም በቀጭን ገመድ ስቀዪ። ስሕተቱ በሁለቱም 400 አካባቢ ከሆነ 400 ቀንሰሽ ዛሬን መዋል ትችያለሽ። ክብደቱ ሲጨምር ስሕተቱም ከጨመረ ግን ሞላው ተለጥጧል፤ መቀነስም አያዋጣም። ሞላ የሚለጠጠው ዕቃ ተሰቅሎበት ሲያድር ነው። እኔ አንድ ቦታ የጥበቃውን ካፖርት ሚዛን ላይ ተሰቅሎ አግኝቼዋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት (6:58)
ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች አይደል? እናትየዋን በረኪናና ነጭ ጋዝ የት እንደምታስቀምጥ ጠይቂያት። የእኔ ልጅ በ19 ወሩ በረኪና ጠጥቷል። ያስቀመጥኩት በውሃ ላስቲክ ነበር፤ የውሃው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። ልጁ ምን ያድርግ? በዚያ ላስቲክ ሁልጊዜ ውሃ ስሰጠው ነበር። ጎረቤቶች ጣት ከተቱበት፣ አስታውኪው አሉኝ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ እንዳላደረግኩት ስታውቅ እፎይ አለች፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስም ያቃጥለዋል አለችኝ። ዛሬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንጋፋዋ ሲስተር (7:03)
እመቤቴ፣ ይህን ለእናቶች ሁሉ ብትነግሪልኝ። ነጭ ጋዝም እንዲሁ ነው፤ ሲያስታውኩት ወደ ሳንባ ይገባል። ማስታወክ የለም፤ ላስቲኩን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

ደጀን (7:06)
ብሎኑ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ቢደረግበትስ?

የ3ኛ ዓመት ነርስ ተማሪ (7:31)
አንዱ ላስቲክ 2.5 አሳየ፤ ሦስቱ 6.7። ስሕተቱ አድጓል፤ ሚዛኑን አውርጄ «አይሠራም» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩበት። የነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አለ። እናትየዋን ብቻዋን መዘንኳት፣ 46.2። ልጅቷን ልብሷን አውልቀን አሳቀፍናትና 53.8። ስለዚህ ልጅቷ 7.6 ናት፤ እኔ ከፈራሁትም በታች። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ የምትበላው እንጀራ በሽሮ ብቻ ነው። መዝግበናታል፣ ከ15 ቀን በኋላ ትመለሳለች። ስለ ጋዙም ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና «በውሃ ላስቲክ ነው፣ አልጋው ሥር» አለችኝ።

አንጋፋዋ ሲስተር (ከ16 ቀን በኋላ)
ልጄ፣ ቀጠሮዋ ትናንት ነበር። መጣች?