ኖድ ጄኤስ፦ የአንዱ ደንበኛ መለያ በሌላው ሎግ ላይ ይወጣል

ጠያቂ፣ ከካዛንቺስ
ሰላም ጓዶች። በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) የተሠራ የምግብ ማዘዣ ሲስተም አለን። እያንዳንዱ ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚጽፍበት ማስታወሻ) ላይ ማን እንዳዘዘ እንዲታይ ብዬ ሚድልዌሩ (እያንዳንዱ ትዕዛዝ መጀመሪያ የሚያልፍበት ኮድ) ላይ የደንበኛውን መለያ ግሎባል ቫሪያብል (ኮዱ ሁሉ የሚጋራው አንድ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀመጥኩ። ብቻዬን ስሞክረው ምንም አይልም። ምሳ ሰዓት ትዕዛዝ ሲበዛ ግን ፒያሳ ሆኖ ያዘዘው ሰው ሎግ ላይ የሜክሲኮው ደንበኛ መለያ ይመጣል። ኖድ በአንድ ትሬድ (በአንድ የሥራ መስመር) ነው የሚሠራው ይባል የለ? ታዲያ እንዴት ይቀላቀላል? መለያውን እያቀበልኩ እንዳልሄድ ከ30 በላይ ፈንክሽን ነው።

መልስ፣ ከአራት ኪሎ
ትሬዱማ አንድ ነው፣ ጉዱ ያለው አዌት (ውጤት እስኪመጣ ጠብቅ የሚለው ቃል) ላይ ነው። ያንተ ኮድ አዌት ጋ ሲደርስ ቆሞ ዳታቤዙን ይጠብቃል፤ ትሬዱ ግን ሥራ አይፈታም፣ ቀጣዩን ሪኩዌስት (ከሌላ ደንበኛ የመጣውን ጥያቄ) ይጀምራል፣ እሱም ያንኑ ቫሪያብል በራሱ መለያ ይተካዋል፣ ያንተ ተመልሶ ሲቀጥል የሚያነበው የሌላውን ነው። የመጨረሻውን ትዕዛዝ ብቻ የሚያስታውስ አስተናጋጅ ማለት ነው፣ ማኪያቶህን ለጎረቤት ጠረጴዛ ይሰጥብሃል። ብቻህን ስትሞክር የማይታየውም ለዚህ ነው።
ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት የየራሱን ማስቀመጫ የሚይዝለትን አሲንክ ሎካል ስቶሬጅን ተጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኖድ ውስጥ ገብቷል፣ ከኖድ ቨርዥን 16.4 ጀምሮ ደግሞ ሳትሰጋ የምትጠቀምበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በራሱ ፋይል ፍጠረው። ሚድልዌሩ ላይ መለያውን የያዘ አዲስ ኦብጀክት ረን ለሚባለው ፈንክሽኑ ስጠውና ኔክስትን (ሪኩዌስቱን ወደ ቀጣዩ ኮድ የሚያሳልፈውን) እዚያው ውስጥ ጥራው። ከዚያ ወዲያ የትም ሆነህ ጌት ስቶር የሚለውን ፈንክሽኑን ስትጠራ የዚያኑ ሪኩዌስት መለያ ታገኛለህ።

መልስ፣ ከሜክሲኮ
እኔ ፓይተን ላይ ነኝ፣ እኛ ጋ ኮንቴክስት ቫርስ ይባላል፣ ነገሩ ያው ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔን ስላስለቀሰኝ። የራሱን ወረፋ ይዞ ኮልባክ (ሥራው ሲያልቅ ጥራው ብለህ የምትሰጠው ፈንክሽን) የሚጠራ የቆየ ላይብረሪ ካለህ ኮንቴክስቱ (ለሪኩዌስቱ ያስቀመጥከው መለያ) እዚያ ጋ ሊጠፋ ይችላል። ኖድ ላይ ኮልባኩን ከኮንቴክስቱ ጋር በሚያስረው በአሲንክ ሪሶርስ ባይንድ ጠቅልለው።
ደግሞ ሁሉንም ነገር እዚያ አትጨምር። ለሎግ የሚሆን መለያ ይበቃል፤ ዋጋና ክፍያን በግልጽ አቀብል፣ አለዚያ ፈንክሽኑ ምን እንደሚፈልግ ሰው አንብቦ አይገባውም።
ያ ግሎባል ግን ለሎግ ብቻ ነው የዋለው? ሌላ ቦታ ከተነበበ ዛሬውኑ መዝገቡን አጣራ።

ጠያቂ
እህቴ፣ ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ሪኩዌስት አከታትዬ ልኬ የመጀመሪያውን 2 ሰከንድ አዘገየሁት፣ በግሎባሉ ወዲያው ተቀላቀለ፣ በአዲሱ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ወጣ። ጥያቄሽ ግን አስደነገጠኝ፤ ፈልጌ ሳየው ደረሰኝ የሚጽፈውም ፈንክሽን ከዚያው ያነብ ነበር። አሁን የምሳ ሰዓቱን ደረሰኞች አንድ በአንድ እያመሳከርኩ ነው።