ጥቆማ፦ ወደ 1776 ሲሲ ላደገ ቮልስ የፋብሪካ ኢንጄክሽን

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «የአባቴን ቮልስ ሞተር ከ1600 ወደ 1776 ሲሲ ላሳድገው ነው። ካርቡሬተሩን አውጥቼ የፋብሪካ ኢንጄክሽን ብገጥምለት የትኛው ይሻላል? ዕቃውን ከየት ላምጣ? አዲስ አበባ ውስጥስ ማን ይሠራዋል?»

ወንድሜ፣ ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን የ1975–79 ቮልስ ኤል-ጄትሮኒክ (አየሩን እየለካ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጄክሽን) ፈልግ። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እንደ ፋብሪካው ተወው። ገንዘብህን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለቶርኖ ቤቱና ለነዳጅ ቱቦው አውጣ። (የመኪኖቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ላልቸኮለ ልቀጥል።

ሌላውን የድሮ ኢንጄክሽን፣ ዲ-ጄትሮኒክን፣ በርካሽ የሚያቀርብልህ ሰው አይጠፋም። ቦሽ የሠራው፣ ቮልስዋገን በ1968 ሞዴል 1600 ታይፕ 3 ላይ የገጠመው ዘዴ ነው፤ በታሪኩ ትልቅ ቦታ አለው። ለአንተ ሥራ ግን አይመችም። ምክንያቱም የሚገባውን አየር አይለካም። የማኒፎልዱን (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቱቦ) ግፊትና የሞተሩን ዙር ያይና «በዚህ ግፊት ይህን ያህል አየር ገብቷል» ብሎ ይገምታል። ግምቱ የተሰላው ለአንድ የተወሰነ ሞተር ነው። ሞተሩን በ12 በመቶ ስታሳድገው አየሩ ይጨምራል፣ ነዳጁ ግን በድሮው ልክ ይቀራል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ነዳጅ ማነስ ማለት ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማቃጠል ነው። የግፊት መለኪያውን ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህን የሚችል እጅ ማግኘት ነው ችግሩ። በዚያ ላይ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ለኢንጄክተሮቹ ምልክት የሚሰጡ የራሱ ፕላቲኖች ያስፈልጉታል፤ እነሱ ካለቁ መኪናው ቆመ ማለት ነው። ለእውነቱ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት፦ ከፍታን ከኤል-ጄትሮኒክ በተሻለ ይረዳል።

ኤል-ጄትሮኒክ አየሩን ይለካል። በመንገዱ ላይ አየሩ የሚገፋት ክዳን አለች፤ ምን ያህል እንደተከፈተች ኮምፒውተሩ አይቶ ነዳጁን ይወስናል። ሞተሩ ቢያድግ ክዳኗ ይበልጥ ትከፈታለች፣ ነዳጁም አብሮ ይጨምራል። የዙሩን ምልክት የሚያገኘው ከኮይሉ ስለሆነ የተለየ ዲስትሪቢውተርም አይፈልግም።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ እንዴት እንደሚረዳን እዩልኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሳሳ ነው። ስለዚህ 1776 ሲሲ ሞተርህ እዚህ የሚስበው አየር በክብደት ሲታሰብ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ የ1400 ሲሲ ሞተር ያህል ነው፣ ወይም ከዚያ ያንሳል። የ1600ው ኢንጄክተሮች ይበቁታል ማለት ነው። ትልልቅ ኢንጄክተር ካልገዛህ የሚልህን ነጋዴ በፈገግታ አሳልፈው።

ኤል-ጄትሮኒክ ግን የራሱ ድክመት አለው። ክዳኗ የአየሩን ክብደት በትክክል አታውቅም፤ ለሳሳ አየር ከሚገባው በላይ ትከፈታለች። በእኛ ከፍታ ነዳጁ ከ12 በመቶ በላይ ይበዛል፦ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) ይንገዳገዳል፣ ቤንዚን ይበላል። መፍትሔው የአየር መለኪያው ውስጥ ያለውን ሞላ በጥርሳማው ጎማ ትንሽ ማጥበቅ ነው። መጀመሪያ የነበረበትን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርግ። እስከ ጫፍ ግን አታጥብቀው። አዲስ አበባ ላይ ልክ የመጣው ድብልቅ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዋሽ ስትወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ያውም በሙቀት ውስጥ። ቆላ የምትወርድ ከሆነ ማጥበቁን ግማሽ ላይ አቁመህ ከተማ ውስጥ ትንሽ ነዳጅ ቢበዛብህ ይሻላል። ከከተማ ካልወጣህ እንደልብህ አስተካክል።

ሦስተኛው ምርጫ የሜክሲኮው ቮልስ ዲጂፋንት ነው። ከ1993 ሞዴል ጀምሮ ፑዌብላ ፋብሪካው ጁላይ 30 ቀን 2003 የመጨረሻውን ቮልስ እስኪያወጣ ድረስ ተገጥሟል። ከጭስ ማውጫው ላይ በኦክስጅን ሴንሰር እያነበበ ድብልቁን ራሱ ያርማል፤ ከሦስቱ ዘመናዊው እሱ ነው። ሙሉ ሞተሩን ከነሽቦው ካገኘህ ዓይንህን ሳታሽ ውሰድ። በቁርጥራጭ እየለቀምክ ግን አትጀምር፤ መለዋወጫው ሜክሲኮ ነው ያለው፣ ሜክሲኮ ደግሞ ዘመድ ያለው ስንቱ ነው?

የፋብሪካውን ኢንጄክተርና ማኒፎልድ አስቀርተው ኮምፒውተሩን ብቻ እንደ ሜጋስኩዌርት ወይም ስፒዱዊኖ ባለ በላፕቶፕ በሚሞላ የሚቀይሩም አሉ። ጥሩ ይሠራል። የነዳጁን ሠንጠረዥ የሚሞላልህ ሰው ከተማ ቢቀይር ግን አብረኸው ትሄዳለህ?

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። 1776 የሚገኘው ፒስተኑ ከ85.5 ወደ 90.5 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ስለሆነ ብሎኩም ቴስታታውም በቶርኖ መከፈት አለባቸው። የቶርኖ ቤት ስም አልጠራም፤ ሠራተኛው ሲለቅ ቤቱም ይለወጣልና። ይልቅ ሁለት ጥያቄ ይዘህ ሂድ። አንደኛ፣ «ከከፈትክ በኋላ በምን ትለካዋለህ?» በል። መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ካላሳየህ አመስግነህ ውጣ። ሁለተኛ፣ የቮልስ ብሎክ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ «ፍቅፋቂው እሳት ቢይዝ ምን ታደርጋለህ?» ብለህ ጠይቅ። «ውሃ እደፋበታለሁ» ካለህ ብሎክህን ተሸክመህ ሂድ፤ የሚነድ ማግኒዚየም በውሃ ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ አጠገቡ ያስቀመጠ ሰው ካገኘህ ዋጋ አትከራከረው። ሳይከፈት የሚገባውን 87 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1641፣ የሚመክሩህ ይኖራሉ። ሲሊንደሩ ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔ አልወደውም።

ኢንጄክተር ማጠቢያ አሁን በየሰፈሩ አለ። ጥሩውን የምትለየው አራቱንም በአንድ ጊዜ በመለኪያ ብርጭቆዎች ላይ አሠርቶ የእያንዳንዱን መጠን ከመታጠቡ በፊትም በኋላም ሲያሳይህ ነው። አጥቦ በፌስታል የሚመልስልህ ጋ አትሂድ። ቮልቴጁንም አስቀድመህ ንገረው፦ የኤል-ጄትሮኒክ ኢንጄክተሮች በሬዚስተር በኩል የሚሠሩ ናቸው፤ ቀጥታ 12 ቮልት ላይ ቢያቆያቸው ያቃጥላቸዋል። በኮምፒውተር ምርመራ የሚታወቁ ጋራዦች ለዚህ መኪና አይጠቅሙህም፤ መሣሪያቸውን የሚሰኩበት ቀዳዳ የለውም። ቴስተር ይዞ ሽቦ ለሽቦ የሚሄድ የድሮ ኤሌትሪሽያን ነው የምትፈልገው።

ሶማሌ ተራ የኤል-ጄትሮኒክ መለኪያ ፍለጋ ቀንህን አታባክን። ከዚያ የሚወሰደው የቶዮታ የውጭ ነዳጅ ፓምፕ፣ ሪሌይ፣ ፋሼታና ፊልተር ነው። ግፊቱን የሚወስነው 2.5 ባሩ ሬጉላተር እንጂ ፓምፑ ስላልሆነ የቶዮታው በደንብ ያገለግላል። ቱቦውን ግን አዲስ፣ ለኢንጄክሽን ግፊት ተብሎ የተሠራ፣ ጽሑፉ ላዩ ላይ የሚነበብ ግዛ። የካርቡሬተር ቱቦ በ2.5 ባር አንድ ቀን ይፈነዳል፤ ከስሩ ያለው ደግሞ ያ የማግኒዚየም ብሎክ ነው። ወደ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንኩ) የሚመለስ መስመርም ያስፈልግሃል፤ የካርቡሬተር ቮልስ ሰልባትዮ መመለሻ ስለሌለው ይበየድለታል። ከመበየዱ በፊት ታጥቦ መድረቁን ቆመህ እይ።

ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞ ካልቆመልህ ኮምፒውተሩን ከመወንጀልህ በፊት የዘይት ክዳኑንና የዘይት መለኪያ ዘንጉን እይ። ከመለኪያው ውጭ ሾልኮ የሚገባ አየር ሁሉ ሳይቆጠር ነው የሚገባው፤ የላላ የዘይት ክዳን ብቻውን ሞተሩን ያስነጥሰዋል። ማርሚታው ላይ ሳይበየድ የማይቀር ሌላም አለ፦ የኦክስጅን ሴንሰር ቦታ። የድብልቅ ማንበቢያ ጌጅ ለአንድ ሳምንት ብትዋስ እንኳ ሙሉ ጋዝ ላይ የአየሩና የነዳጁ ምጥጥን ከ12.5 እስከ 13 ለ1 መካከል መሆኑን ታረጋግጣለህ።

ከሥር ለመጡት ጥያቄዎች፦

«1915 ሲሲ ቢሆንስ?» እዚህ ከተማ ውስጥ የ1600ው ኢንጄክተር አሁንም ይበቃዋል፤ ቆላ ላይ ግን ጠርዙ ላይ ነው። ሬጉላተሩን ወደ 3 ባር ብታሳድገው ነዳጁ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ከፈለግህ የ2 ሊትሩን ኮምቢ መለኪያና ኮምፒውተር አብረህ ውሰድ፤ የአንዱን ከሌላው አታዳብል።

«የእኔ 6 ቮልት ነው።» መጀመሪያ ወደ 12 ቀይረው፣ ከዚያ እናውራ።

«ካምሻፍቱን ለምን አልቀይርም?» ረጅም ጊዜ ቫልቭ የሚከፍት ካም ሚኒሞ ላይ አየሩን ወደኋላ ይገፋዋል፣ ክዳኗም ትንቀጠቀጣለች፤ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

«ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በሻንጣ ታምጣልኝ?» ታምጣ። ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ በነጋዴ ከማስመጣት የሚሻለው እሱ ነው። መለኪያው፣ ኮምፒውተሩ፣ የሽቦው ጥቅልና የቴስታታ ሙቀት ሴንሰሩ ቅድሚያ ይምጡ፤ መለኪያውን በልብስ ጠቅልላ እጇ ላይ ትያዘው። ያገለገለ ፓምፕ ግን እንዳትጭን። የቤንዚን ሽታ ያለውን ዕቃ አየር መንገድ አይቀበልም፤ ፓምፑ እንደሆነ ሶማሌ ተራ አለ።